ትኩስ መርዶ

አባቶቻችን ብዙ ነገር አስተምረውናል፤ መርዶ ማርዳት ግን አያውቁበትም ነበር። ሰው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያርፋል። ልጁ ሦስት አጥር አልፎ ራቱን እየበላ ነው። የሚነግረው የለም። «ይብላ፣ ይተኛ፣ ለነገ አቅም ያስፈልገዋል» ይባባሉና እንባቸውን እየዋጡ ያሳድሩታል። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌው፣ የነፍስ አባቱ፣ ከልጅነቱ የሚያውቁት ጎረቤቶችና ክንደ ብርቱ ጎረምሶች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። «ደህና አደርክ?» ይሉታል። በዚያ ሰዓት ያ ሁሉ ሰው ደህና ማደሩን ሊጠይቅ እንዳልመጣ ማንም ያውቀዋል፤ ቃሉ ሳይነገር ተሰምቷል። ሲወድቅ የሚይዘው አለ፤ ውሃ የሚያቀብለው አለ፤ ዝም ብሎ አጠገቡ የሚቀመጥ አለ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር አስር ሰው! አገር በዚህ ዓይነት የሰው ኃይል ብክነት ያድጋል? ደግሞስ «አራስ ነች»፣ «ነፍሰ ጡር ነች»፣ «ማትሪክ ልትፈተን ነው» እየተባለ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ የሻገተው መርዶ ስንት ነው!

ምስጋና ለዘመኑ ይሁንና ዛሬ ይህ ሁሉ ቀርቷል። አስከሬኑ ሳይገነዝ ፎቶው ተገንዟል፤ በጥቁር ፍሬም፣ ግራና ቀኝ ሻማ በርቶለት፣ ከላይ ነጭ ርግብ እየበረረችለት። ፎቶው አምና ሰርግ ላይ የተነሳ ነው፤ ከጎኑ ያለችውን የቢራ ጠርሙስ ቆርጦ ለማውጣት ጊዜ ስላልነበረ እሷም አብራ ተገንዛለች። የለጠፈው የቅርብ ዘመድ አይደለም። የቅርብ ዘመድ እያለቀሰ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይሆንም። የለጠፈው የሟች አጎት ልጅ ሚስት ወንድም ነው፤ ሟችን በሕይወት ሳለ ሁለት ጊዜ አይቶታል፣ አንዱም እዚያው ሰርግ ላይ ነው። ነገር ግን ቀድሟል፤ ፍቅር ደግሞ ዛሬ በደቂቃ ነው የሚለካው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና የጫማውን ክር ሲያስር «ነፍስ ይማር» ሦስት መቶ ሞልቷል።

ውጭ አገር ያለው ወገናችንማ ከሁሉም በላይ ተጠቅሟል። ድሮ ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ሰው መርዶ ማርዳት ራሱን የቻለ ዘመቻ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚደወለው ለእሱ ሳይሆን ለጓደኛው ነው። ጓደኛው ለሌሎች ጓደኞች ይደውላል፤ ሥራ ቦታ ወይም መኪና እየነዳ እንዳይሰማ ቅዳሜ ይጠበቃል። ዓርብ ማታ ወጥ ይሠራል። ጎህ ሲቀድ ሁሉም ከአፓርታማው ሥር መኪና ማቆሚያው ላይ ይገናኛሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን አፉን እንደሚከፍት በብርድ ቆመው ይመካከራሉ። አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ጣጣ ተገላግሏል። ሐሙስ ዕለት ሥራ ላይ ሳለ ስልኩ ነዘረ። «ጽናቱን ይስጥህ ወንድሜ» ይላል፤ ላኪው ከአስር ዓመት በላይ ያልተገናኘው የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው። «ለምኑ?» ብሎ ጻፈለት። የመጣለት መልስ አንድ የሚያለቅስ ቢጫ ፊት ነበር። አማርኛ ማርዳትንና ማረድን ጎረቤት ያደረጋቸው ለካ ያለ ምክንያት አይደለም። ለቅዳሜ የተገዛው ሽንኩርት ገና አልተከተፈም ነበር።

የድሮ ሰው ከመሣሪያ ጋርም አይግባባም ነበር። ቴሌግራምን ውሰዱ፤ የአሁኑን ሳይሆን በቃል ተቆጥሮ የሚከፈልበትን። «አባትህ ሞተ» ቢሉ በሁለት ቃል ሒሳብ ያልቅላቸው ነበር። እነሱ ግን ኪሳቸውን አራግፈው «አባትህ በጠና ታመዋልና ቶሎ ድረስ» ይላሉ። ከፍሎ መዋሸት! ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ከገባም በኋላ ልማዱ አልለቀቃቸውም፤ ደውለው መጀመሪያ የሚጠይቁት «አጠገብህ ማን አለ?» ብለው ነው። ማንም ከሌለ «ኧረ እንዲሁ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ብለው ይዘጋሉ። የዛሬው ቴሌግራም ነፃ ነው፤ አይዋሽም፤ አጠገብህ ማን እንዳለም አይጠይቅም።

(እዚህ ላይ ሽሙጤን ለአፍታ ላቁም። ቤይሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ሆኖ፣ የእናቷን ቀብር ወንድሟ በያዘላት ስልክ በኢሞ የተከታተለችውን ልጅ አልሾፍባትም። ስልኩን የያዘላት ስለለመነችው ነው። ያ ቀብር ለእሷ ታየ እንጂ ለእኛ አልተላለፈም።)

ወደ ዘመኑ መርዶ ነጋሪዎች እንመለስ። ዩቲዩብ ላይ ሞት እንኳ ቀይ ክብና ቀስት አያጣም፤ «አሳዛኝ ሰበር ዜና» ተብሎ የሟች ስም ሊጠራ ሲል «ከዚያ በፊት ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ» ይመጣል። የሞተ ሰው የጠፋ ዕለት በሕይወት ያለ አርቲስት ይገደላል። ምስኪኑ ራሱ ካሜራ ፊት ቀርቦ «ኧረ አለሁ» ሲል ከሥሩ የሚጻፍለት «ነፍስ ይማር፣ ጥሩ ሰው ነበር» ነው።

ቲክቶክ ደግሞ አልቃሿን ተክቷል። አልቃሽም ይከፈላት እንደነበር አልክድም፤ ግን የሟችን ዘርና ሙያ ሳታጠና ሙሾ አታወርድም ነበር። ከለቅሶ ቤት ላይቭ የሚገባው ጎረምሳ የሚያጠናው የተመልካቹን ቁጥር ነው። «ቤተሰብ፣ ስክሪኑን ታፕ ታፕ አድርጉልኝ» ይላል፣ በነጠላ ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ። ድሮ በሙሾ አንበሳ የሚባለው ሟቹ ነበር፤ ዛሬ አንበሳው ጊፍት ሆኖ ለሚቀርጸው ይላካል። ቀብር ላይም ብትሄዱ፣ ቄሱ ጽናውን ሲያወዛውዙ የሚነሳው እጅ ሁሉ ስልክ ይዟል። ደረት የሚመታው በቀረው በአንዱ እጅ ነው።

እኔም ከዘመን ላለመቅረት ባለፈው የእድራችን ስብሰባ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ አቀረብኩ። ከቀብር የቀረ አባል መቀጣቱ ይቅር፤ «አር አይ ፒ» ብሎ የጻፈበትን ስክሪንሾት ካሳየ እንደተገኘ ይቆጠርለት። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ይሸጥ። ንፍሮ ከመቀቀል የንፍሮ ፎቶ ይለቀቅ። ሰልስትም በስቶሪ ይሁን፤ ስቶሪ በ24 ሰዓት በራሱ ይጠፋል፣ ድንኳን ነቃይ አያስፈልገውም። ጥሩምባ ነፊያችን በክብር ጡረታ ይውጡ፤ ጥሩምባዋን ፎቶ አንስተን የግሩፑ ፕሮፋይል እናደርጋታለን።

የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«መልካም ብለሃል ልጄ» አሉ። «የሬሳ ሣጥኑንስ ማን ይሸከመዋል?»

«እሱንም ሼር እናደርገዋለን» አልኳቸው።