ጠመንጃዎ ዓይኑ ደክሟል

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንስማማ፤ የደከመው የእርስዎ ዓይን አይደለም። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ላይ ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በዕድሩ ፊት ወንበር የሚለቀቅለት ሰው ዓይኑ ይደክማል ብሎ ማሰብ ነውር ነው። ጋዜጣውን ክንድዎ እስኪያጥርዎ ድረስ እያራቁ የሚያነቡት የዘንድሮ ፊደል ስላነሰ ነው። በማና በኩል ያለውን ማሳዎን የሚገለብጠውን ከርከሮ መለየት ያቃትዎትም ከአባትዎ የወረሱት ቤልጅግ ጠመንጃ ስላረጀ ነው። ስለዚህ መነጽር የሚገዛው ለጠመንጃው ነው።

የዓይን ሐኪም ዘንድ አይሂዱ። ከሄዱ ነገሩን ገልጦ ይነግርዎታል። ሰው አርባን ሲያልፍ የዓይኑ ውስጠኛ ሌንስ እየደረቀ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ መገላበጥ ያቅተዋል። ጠመንጃ ደግሞ ሦስት ነገር በአንድ መስመር አሰልፎ ማየት ይጠይቃል፤ ከዓይን ሥር ያለውን ስርጉድ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለውን ጉጥና ራቅ ያለውን ዒላማ። የጎረምሳ ዓይን በሦስቱ መካከል እንደ ባጃጅ ይመላለሳል፤ የሽማግሌ ዓይን አንዱ ላይ ተሳፍሮ አልወርድም ይላል። የጠመንጃ መነጽር ዒላማውንና ማነጣጠሪያውን በአንድ ርቀት ላይ ስለሚያሳይ በእርግጥም መፍትሔ ነው። ደንበኛ ሠሪ በደንብ ከገጠመው ማለቴ ነው፤ እኛ ግን እንዴት እንደሚበላሽ ነው የምንማማረው።

ሐኪሙ ሌላም ይናገራል። በ1998 ዓ.ም. ግድም በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ነው። የእርስዎም ሞራ ከሆነ መነጽሩ ጭጋጉን አጉልቶ ያሳይዎታል። ዘጠኝ ጊዜ የጎላ ጭጋግ! ይህን በነጻ የሚያገኝ የለም።

መነጽሩን ሲመርጡ ትልቁን ይምረጡ። እውነት ነው፣ ማሳዎ ጥላ ቡና ነው፤ ዋንዛውና ብሳናው ሰማዩን ዘግተውት ሠላሳ ሜትር ርቆ የሚታይ ነገር የለም። የከርከሮው ጆሮ ብቻ መነጽሩን ከሞላው፣ የቀረውን በሐሳብዎ ይጨርሱታል። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማውዘራቸው ላይ አንድ ተኩል ጊዜ ብቻ የምታጎላ ትንሽ መነጽር ከማቀባበያው ወደ ፊት አርቀው ገጥመው ነበር፤ እነሱ ምን ያውቃሉ።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። ቤልጅግ ቤልጅግ የተባለው ቤልጅየም፣ ኤርስታል በሚገኘው ፋብሪካ በማውዘር ሥርዓት ስለተሠራ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ካስገባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው። በአንዳንዱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበታል። የእርስዎም አንበሳ ካለው፣ መነጽሩ የሚታሰርበትን ቀዳዳ የሚከፍተው መሰርሰሪያ እዚያው አንበሳው ላይ ይረፍ፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ አያገኙም። ዘጠና ዓመት ያህል ያለፈው ታሪክ በአራት ቀዳዳ ያልቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል፤ መሰርሰሪያው ቁጥሩንም አብሮ ከላጠው ግን ጠመንጃው የማን እንደሆነ ለማስረዳት ረጅም ወግ ይኖርዎታል።

መሰርሰር የሚያደክም ከሆነ ብየዳ አለ። የበር መዝጊያ የሚበይደው ጎረምሳ በአሥር ደቂቃ ይለጥፍልዎታል። ብረቱ ቀይ ሲሆን በፋብሪካ የተሰጠው ጥንካሬ ይፈታል፤ ጥይቱ ሲተኮስ ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው ደግሞ ያው ብረት ነው። ጉንጭዎም ከዚያ ብረት ጥቂት ጣት ብቻ ይርቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥይት በያጁ እንዲተኩስ ይጋብዙት። እምቢ ካለ ሥራውን አውቋል ማለት ነው።

ከዚያ ማቀባበል ይሞክሩ። እጀታው ቀጥ ያለ ከሆነ ወደ ላይ ሲነሳ መነጽሩን ይገጨዋል። ሩሲያውያን በሞሲን ጠመንጃቸው ላይ ይህ ሲገጥማቸው እጀታውን አርዝመው ወደ ታች አጎበጡት። እርስዎ በመዶሻ ያጉብጡት። አምስቱን ጥይት በአንድ ትንፋሽ ከላይ ማጉረስም ቀረ፤ መነጽሩ አፉ ላይ ተኝቷልና አንድ በአንድ በጣት ያጎርሷቸዋል፣ ከርከሮውም በትዕግሥት ይጠብቅዎታል። ከኋላ በኩል ያለችው የመቆለፊያ ክንፍ መነሻ ቦታ ካጣች አይጨነቁ፤ ዕድሜ ልኩን ሳይቆለፍ የኖረ ጠመንጃ ስንት ቤት አለ።

ሰደፉን ይተዉት። የተሠራው ለዝቅተኛው ማነጣጠሪያ ስለሆነ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን መነጽር ለማየት ጉንጭዎን አንስተው አንገትዎን እንደ ሰጎን ይመዝዛሉ። በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ እጅ በሞላበት በጅማ፣ ጉንጭ የሚያሳርፍ እንጨት ማስጠረብ ቀላል ነበር፤ ለዚህ ግን ጉንጭዎ ድጋፍ እንደሚሻ ማመን ይጠይቃል። በዚያ ላይ የተሻለ ለማየት ዓይንዎን መነጽሩ ላይ ይለጥፉት። ማውዘር ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብዎ ላይ ግማሽ ጨረቃ ጽፎ ይመለሳል። አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፣ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥቱ የቆመለት አባ ጅፋርም የሚታወቀው በዚሁ ነው፤ እርስዎን ደግሞ ሰፈሩ አባ መነጽር ይልዎታል።

ጠመንጃው ባልተተኮሰበት ሰዓት በመነጽሩ አገር ይቃኙበታል። ማዶ ያለው ጎረቤትዎ ቡና ሲለቅም፣ ሚስቱ ምሳ ስታመጣለት ያዩበታል። መነጽሩ በዞረበት አፈሙዙም አብሮ እንደሚዞር ጎረቤትዎ ከእርስዎ ቀድሞ ይረዳል፤ የምሽቱን ቡና ለምን እንዳልጠራዎት ያን ጊዜ ይገባዎታል።

ክረምት ሲገባ ርካሹ መነጽር በጅማ ዝናብ ውስጡን ላብ ይሞላዋል። በእያንዳንዱ ተኩስም ብሎኖቹ እየላሉ ዒላማው ይሸሻል። መነጽሩን ለማስተካከል ጎኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ ይጠበቅብዎታል፤ ቁጥሮቹ ደግሞ ከጤፍ ያነሱ ናቸው። የልጅ ልጅዎን ይጥሯት። «አባባ፣ መነጽርዎን ለምን አያደርጉም?» ካለችዎት፣

«ጠመንጃው አድርጎታል» ይበሏት።