ተከሳሽ የሌለው ኮምፒውተር

ወይ ዘንድሮ! ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ክርክር ስመዘግብ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ጋቢዬን ተከናንቤ አረፍኩ ስል፣ ክርክሩ ተከትሎኝ ሳሎን ገባ። የልጅ ልጄ የጌም ኮምፒውተር ይገዛልኝ አለ። ይሁን፤ መንገድ ለመንገድ ከሚዞር ቤት ይዋል ብለን ተስማማን። መግዛቱ ብቻ መቼ በቃውና! «አባባ፣ ሱቅ የገጣጠመውን እንግዛ ወይስ ዕቃውን ለየብቻ ገዝተን እኔ ልገጣጥመው?» ይለኛል። እናቱ ስትጠየቅ «አባዬ ይወስኑ» ብላ ወደ ማድቤት ሾለከች። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ የገባኝ ያኔ ነው።

ልጁ ሲከራከር ጠበቃ ያስንቃል። ሱቁ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትርፉን ጭኖ፣ የመገጣጠሚያም አክሎ ነው የሚሸጠው ይላል። ራሱ ከገጣጠመው ግን እያንዳንዷን ዕቃ እሱ ይመርጣታል፤ ነገ ግራፊክስ ካርዱ ሲያረጅ እሱን ብቻ ነቅሎ ይቀይራል። «ጥሩ» አልኩት፤ «ሲበላሽስ ማንን እንከሳለን?» ዝም አለ። ይኸው ነው የኔ ነገር። ገንዘብ ከፍዬ የምጮህበት ሰው ካላገኘሁ ምኑን ገዛሁት?

ለነገሩ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ከአይቢኤም ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1981 የራሱን ፒሲ ሲያወጣ፣ ፍሎሪዳ ቦካ ራቶን የተቀመጠ፣ ዶን ኤስትሪጅ የሚባል ሰው የሚመራው ቡድን ቶሎ ጨርስ ተባለና ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ማስነሻ ሶፍትዌሩን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። ይባስ ብሎ የውስጥ አሠራሩን በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠ! ኮምፓክ ብዙም ሳይቆይ አምሳያውን ሠራ፤ ሌላውም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን ልክ አወጣና የማዘርቦርዱ የብሎን ቀዳዳ፣ የፓወር ሳፕላዩ መሰኪያ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። አንዱ ፋብሪካ የሠራው ቦርድ ሌላው በሠራው ሳጥን ውስጥ ልክክ ይላል። እንግዲህ ካቻቢቴ ያለው ጎረምሳ ሁሉ መሐንዲስ ነኝ ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳልሰማ አልወስንም ብዬ ልጁን አስከትዬ መገናኛ ወረድኩ። ባለሱቁ «አባት፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር አቀረበልኝ፤ ገና ከዚህ ነው ልቤ ወደ ሱቅ ያዘነበለው። የተገጣጠመው ኮምፒውተር ጎኑ መስታወት ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ መብራት ይፈራረቅበታል። እኔ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ልጁ ቀድሞኝ አጎንብሶ አየና «ራሙ ለምን አንድ ሆነ?» አለ። ሁለት ቀዳዳ ባለው ቦርድ ላይ ባለ 16 ጊጋ ሜሞሪ አንድ ብቻ ሰክተውበታል። ባለ 8 ሁለት ቢሆን ኖሮ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነብና ጌሙ ይፈጥን ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረ። ፓወር ሳፕላዩ ስም የለውም፤ ከኋላው 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለው። ይህቺን እንኳ እኔም አውቃታለሁ፤ 115 ላይ እንደተተወች በእኛ 220 ከተሰካች ጧ! ብላ ጭስ ናት። ደህና ደህናዎቹ ከ100 እስከ 240 ያለውን ራሳቸው ይቀበላሉ፤ መቀየሪያም የላቸውም።

እውነት ለመናገር ማስረጃው ጠንካራ ነበር። ማስታወቂያው ላይ የግራፊክስ ካርዱ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ የፓወር ሳፕላዩ ስም የትም የለም። ገዢ የሚጠይቀው ላይ ያወጣሉ፣ የማይጠይቀው ላይ ይቆጥባሉ። መብራቱ ወደ ፊት፣ ርካሹ ወደ ኋላ።

ባለሱቁ ግን ፈገግ ብሎ «ዋስትና አለው» አለኝና ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ። አቤት ደስ ሲል! በእኛ አገር በሬ እንኳ ያለ ዋስ አይገዛም፤ የተሰረቀ ቢሆን፣ ተዋጊ ቢሆን፣ ሻጩን «ዋስ ጥራ» ትለዋለህ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል፤ ገዢም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ያሳውቅ ይላል። በዚህ ላይ ሱቁ በር አለው። ጠዋት ተነስቼ፣ ባርኔጣዬን አድርጌ፣ ሄጄ የምቆምበት በር!

ፋብሪካ ገጥሞ የላካቸውን ትልልቅ ስም ያላቸውን ኮምፒውተሮች አታንሱብኝ። ከዱባይ የሚመጣውን ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ስላሽ የሚሉትን፣ ርካሽ ነው ብለው ይገዙና ግራፊክስ ካርድ እንጨምርበት ሲሉ ሳጥኑ ይጠባል፣ ፓወር ሳፕላዩ ጉልበት ያንሰዋል። ቀይረው ሌላ እንዳያስገቡ ደግሞ መሰኪያው የፋብሪካው የራሱ ነው። እሱን እዚህ ላይ እንዝጋው።

የራስ ግጥምን ጉድ ደግሞ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። የልጁ ጓደኛ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ መጥቶ የኛ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ጠጋ ብዬ ልይ ስል «አባባ፣ ጋቢው ስታቲክ ያመጣል፣ ራቅ ይበሉ» አሉኝ። ጋቢዬ ጥጥ ነው! የናይሎን ቱታ የለበሱት እነሱ፣ ከገዛ ጠረጴዛው የሚባረረው ሽማግሌ። በርቀት ሆኜ ታዘብኳቸው። በአዲሱ የኤኤምዲ ማዘርቦርድ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚያርፍባቸው 1718 የፀጉር ያህል የቀጠኑ እግሮች አሉ፤ የተወሰኑት ከታጠፉ ቦርዱ አበቃለት። የጎረቤቱ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ፕሮሰሰሩን አስቀመጠው፤ መቆለፊያውን ሲጫን ቀጭ የሚል ድምፅ ሲወጣ ፊቱ አመድ መሰለ። ድምፁ ያለ ነው አሉ። ከላዩ ላይ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት አተር የምታክል ጠብ አደረገና ማቀዝቀዣውን አሰረበት።

አበሩት። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ሞኒተሩ ግን ድቅድቅ ጨለማ። አጠፉት። ራሙን ነቅለው ሰኩት። አበሩት፣ ጨለማ። እንደገና አጠፉት። ለካ አዲሱ ዲዲአር5 ሜሞሪ መጀመሪያ ሲበራ ማዘርቦርዱ ከሜሞሪው ጋር እስኪስማማ አንዳንዴ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እነሱ ደግሞ ሊጨርስ ሲል እያጠፉ ከሀ ያስጀምሩታል! ባለቤቴ ቡና ጠራቻቸውና ሄደው ሲጠጡ፣ የሚያጠፋው ሰው ሲያጣ፣ በራሱ ጊዜ በራ። እልልታ ሆነ። ደስታውም አልዘለቀ፤ ጌሙ ሲከፈት ይጎተታል። በማግስቱ ነው የሞኒተሩ ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱ ቀርቶ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካቱ የታወቀው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ካርድ ሥራ ፈትቶ ሲሞቅ አድሯል።

አሁን ይህን የጎረቤት ልጅ ማን ይቆጣው? ገዢውም፣ ገጣጣሚውም፣ ቴክኒሺያኑም እሱ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ከራሱ ጋር ሲጨቃጨቅ በግድግዳው እሰማው ነበር።

የባሰው ደግሞ ዕቃው በእውነት ብልሽት ያለበት ቀን ነው። ፓወር ሳፕላዩ አንድ አምራች፣ ቦርዱ ሌላ፣ ራሙ ሌላ፣ ካርዱ ሌላ። እያንዳንዱ ዋስትና አለው፤ ለየራሱ። ማሽኑ ድንገት ሲጠፋ ጥፋተኛው የትኛው ነው? አንዱን ከሌላው ለመለየት ሌላ የሚሠራ ራም፣ ሌላ የሚሠራ ፓወር ሳፕላይ አምጥተህ እየቀያየርክ መሞከር አለብህ። ሱቅ መለዋወጫው መደርደሪያው ላይ አለው፤ ልጁ ያለው አንድ አንድ ነው። ስንት ባለብዙ ተከሳሽ መዝገብ አይቻለሁ፤ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ይጠቁማል። ካርዱን ደግሞ አጎቱ ከዋሽንግተን በሻንጣ ካመጣለት፣ ዋስትናው አትላንቲክን አይሻገርም። ተበላሽቷል ብሎ መልሶ ለመላክ የሚሄድ ሰው መጠበቅ፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው መጠበቅ።

ዋጋውስ? ድሮ ራስህ ብትገጣጥም ይረክሳል የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ኮሮናውም፣ ኢቴሪየም የሚባለውን ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ እናመርታለን የሚሉትም ተደማምረው ካርዱን ከገበያ ጠራርገውት፣ አሜሪካን አገር ሰዎች ካርድ ለማግኘት ብለው ሙሉውን የተገጣጠመ ኮምፒውተር ይገዙ ነበር። ኢቴሪየም በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ሲቀይር ያ ወረት አለፈ። አረፍን ስንል አሁን ደግሞ ተራው የራም ሆነ፤ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት ሜሞሪውን እየጠቀለሉ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ማይክሮንም በዲሴምበር 2025 ክሩሻል የሚባለውን ለተራው ሰው የሚሸጠውን ንግዱን እንደሚያቆም አስታወቀ። እኛ ዘንድ በዚህ ላይ ብር አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ሲሆን፣ ልጁ በዶላር የጻፈልኝን ዝርዝር በብር ሳበዛው መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አየሁት። ያው ነው።

መብራቱን እንዳትረሱ። ሄዶ ሲመጣ ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ስታብላይዘር፣ ዩፒኤስ። ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ያለው ካርድ ብቻውን እስከ 575 ዋት ይወስዳል። የኛ ልጅ እሱን አልጠየቀም፤ ዋጋውን ያውቃል። ቢሆንም እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ምጣዱና የሱ ማሽን አብረው ከተሰኩ ብሬከሩ መውረዱ አይቀርም፤ ያን ቀን እናቱ ከማን ጋር እንደምትቆም አውቃለሁ።

ስለዚህ ፈረድኩ። ዕቃውን ልጁ አንድ በአንድ ይመርጣል፤ ስም የሌለው ፓወር ሳፕላይ ቤቴ አይገባም። የሚገዛው ግን ሁሉም ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ደረሰኝ ነው። የሚገጣጥመውም የሱቁ ልጅ፣ እኛ ፊት ነው። ተገጥሞ ሲያልቅ ጌሙ ተከፍቶ እዚያው ይሠራል፤ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እጠብቃለሁ። ልጁ «ቢያንስ ፕሮሰሰሩን እኔ ላስቀምጠው» ብሎ ይግባኝ ጠየቀ። ፕሮሰሰሩን ከለከልኩት፣ ራሙን ፈቀድኩለት፤ ሁለቱን።

ባለሱቁ ጋ ተመልሰን ሐሳቡን ስነግረው ተስማማ። የእያንዳንዱ ዕቃ ሲሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይስፈር ስለው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሁሉም አባት? የራሙም?»

«የራሙም» አልኩት። «በሦስት ቅጂ።»