ዘውዱን ማን አወለቀው?

ልጆቹ ደግ አስበዋል፤ አልክድም። ለትምህርት ቤታቸው የምሥረታ በዓል መታሰቢያ ይሁን ብለው ፖስታና ባለ ዓርማ ወረቀት ደሴ አሳትመው ወግዲ ድረስ ተሸክመው መጡ። የልጅ ልጄ አንዱን ፖስታ ጭኔ ላይ አኖረና «አባባ፣ ይዩት እስቲ፤ የድሮውን ዓርማ ነው ያስመሰልነው» አለኝ።

መነጽሬን አደረግሁ። ወላሂ፣ አንበሳ ብለው ለፋሲካ የተቀለበ ሙክት ነው የሳሉት! ዘውድ የለው፣ ጎፈሩ ተላጭቷል፣ መስቀል ይዞ መራመድ የሚገባው ቀኝ እግሩ እስክሪብቶ ጨብጧል። «ዘውዱስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ ዘመናዊ ዲዛይን ቀለል ማለት አለበት» ይለኛል። ዘውዱንማ ደርግም አውልቆታል፤ መስቀሉንም ጦር አድርጎታል። እሱስ ንጉሡን አውርዶ ነው። እናንተ ማንን አውርዳችሁ ነው?

አጼ ምኒልክ በፈረንጆቹ 1894 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ሲያሠሩ ፓሪስ ድረስ ልከው፣ ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው የቀረጸላቸው። ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ በአራቱ ርካሾች ላይ የንጉሡ መልክ፣ በሦስቱ ውዶች ላይ አንበሳው። (ንጉሥ በሩብ ግርሽ፣ አንበሳ በ16 ግርሽ! ይህን ለዛሬ ሹማምንት ባነብላቸው ደስ ይለኛል።) በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ዘውዱም መስቀሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለገሀር ፊት ለፊት በ1923 ዓ.ም. የቆመውን አንበሳማ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ በስንት ድርድር ነው የተመለሰልን። ጠላት ባሕር አሻግሮ የወሰደው ዋጋ ቢያይበት ነው።

ደግሞስ ለወግዲ አንበሳ ምኗ ነው? ከገደላችን ሥር ዓባይ ይፈሳል። እሱን ቢስሉ ኖሮ የዘውድ ጣጣም ባልመጣ። ይህን ብነግረው «ለሚቀጥለው በዓል እናስብበታለን» አለኝ። ለሚቀጥለው እኔ የት ልገኝ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እሽጉ እንዳለ መቀመጡ ነው። አንድ ሰው አንድ መስመር አልጻፈበትም፤ ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ይላላኩታል! እኛ አንድ ደብዳቤ ለመላክ መካነ ሰላም ድረስ በእግራችን እንሄድ ነበር።

ልጆች፣ ወጪው አንዴ ወጥቷል። በሉ እንግዲህ፣ ሁለት መስመር ጫር ጫር አድርጉበትና ለእኔም አንድ ላኩልኝ። ዘውዱን እኔው በእስክሪብቶ እደፋለታለሁ።