የሳይንስ ፍቅር በመንደር 8

«ወጣቱ ለቴክኖሎጂ ፍላጎት የለውም» ባዮች በኅዳር 2013 ዓ.ም. ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ግዛት፣ መንደር 8 ድረስ ብቅ ቢሉ ኖሮ ልባቸው በረካ ነበር። የትግራይን ጦርነት ሸሽቶ በሉግዲ በኩል ድንበር የተሻገረው ልጅ፣ ለግድብ ተነሺዎች ከተሠሩት ቤቶች ጥግ ቆሞ፣ ስልኩን ሽቅብ እያነሣ ኔትወርክ ያድናል። ከዚህ የበለጠ ምን ምርምር አለ? የሱዳን ሲም እንደ ምንም አገኘ እንበል፤ ማን ሊያነሣለት? የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ከጥቅምት 25 ጀምሮ ተቋርጦ ነበር።

ደግነቱ ሳተላይት ነበረን! ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ወደ ሕዋ የተላከችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ዋና ሥራዋ እርሻንና አካባቢን ከላይ ማየት ነበር። የሁመራን ሰሊጥ መድረስ አለመድረሱን ትለይ ነበር፤ አጫጁ የት እንደገባ ግን፣ ይቅርታ፣ በሥራ ዝርዝሯ ውስጥ አልነበረም።