ሠርጉ አልፏል፤ መልሱ መቼ ነው?

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ እንጦጦ ላይ እምብዛም የማይታይ ነገር ታየ፤ የክብር እንግዶቹ ከባለ ጉዳዩ ቀድመው ተገኙ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ከቻይናው ታይዩዋን ስትወነጨፍ የወቅቱን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ደመቀ መኮንንን ጨምሮ ባለሥልጣናት፣ ሳይንቲስቶችና የቻይና እንግዶች በእንጦጦው ኦብዘርቫቶሪ ተሰብስበው በቀጥታ ሥርጭት ይከታተሉ ነበር። ለዚህ ሰዓት አክባሪነት ምስጋና የሚገባው ለፕሮቶኮል ሹሞች ሳይሆን ለሮኬቱ ነው። ሮኬት «ክቡርነታቸው መንገድ ላይ ናቸው» ቢሉት አይገባውም። ከዚህ የምንረዳው ባለሥልጣን የሚያረፍደው ማርፈድ ጠባዩ ሆኖ ሳይሆን የሚመረቀው ነገር ቁጭ ብሎ ስለሚጠብቀው መሆኑን ነው። ድልድይ ይጠብቃል፣ ሼድ ይጠብቃል፤ ሪባን ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ታጋሽ ነው።

የሳተላይት መከታተያ ጣቢያ ግን ለምረቃ ጨርሶ የማይመች ነገር ነው። እንዲህ ያለችው ሳተላይት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ምድርን በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትዞር፣ በአንድ ጣቢያ ሰማይ ላይ ከአድማስ አድማስ የምትቆየው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ሳህኑ አንቴና በዚያችው ቅጽበት ምስሉን ተቀብሎ ትእዛዙን መስጠት አለበት። 10 ደቂቃ በእኛ የምረቃ ወግ እንግዶቹን በየማዕረጋቸው ጠርቶ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። ወጣቱ መሐንዲስ በጣቱ ወደ ላይ ሲያመለክት ሚኒስትሩም፣ አምባሳደሩም፣ ካሜራ ማኑም አብረው ያንጋጥጣሉ፤ የሚታይ ነገር የለም፤ ሁሉም ግን እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። በዚህ ማሾፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ከሥነ ሥርዓቱ ጋር ጠብ የለኝም። ቅሬታዬ ግማሹ ብቻ መደገሱ ነው። በእኛ አገር ሠርግ ካለ መልስ አለ፤ ቤተ ዘመድ ልጁን በእልልታ ሸኝቶ አይቀርም፣ ሙሽሮቹን መልሶ ይጠራና እንዴት እንደከረሙ ዓይናቸውን ያያል። ፕሮጀክቶቻችን ግን የሚዳሩት ያለ መልስ ነው።

የምረቃ ዕለት ስለ ነገሩ ዕጣ ምንም እንደማይናገር ከሩቅ አገር ምስክር መጥራት ይቻላል። በአውስትራሊያ ካንቤራ አጠገብ የነበረውን የሃኒሰክል ክሪክ የጠፈር መከታተያ ጣቢያ በመጋቢት 1959 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ሆልት ነበሩ። ጣቢያው እውነተኛ ክብሩን ያገኘው ግን ሐምሌ 1961 ላይ፣ ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን ሲረግጥ የታየበትን ምስል ተቀብሎ ለዓለም ሲያስተላልፍ ነው። ሆልት በዚያ ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ ሪባንም ንግግርም አልነበረም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ከአዳማ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ይህን ያህል የተመረቀላት ከተማ ማግኘት ይቸግራልና። ከአዲስ አበባ የሚያደርሳት ፈጣን መንገድ መስከረም 2007 ተመረቀ። በሁለት ምዕራፍ 34 እና 102 የነፋስ ተርባይኖች ኮረብታዋ ላይ ተተከሉ፤ ሁለቱም ምዕራፎች ተመረቁ። በከተማዋ አጠገብ የሚያልፈው የጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 በሁለት አገር መሪዎች ፊት ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ነው። ከሪባኑ እስከ ትኬቱ 15 ወር ሄደ ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ተርባይኑ የተለየ ቅን ፍጥረት ነው፤ ሪፖርቱን በየቀኑ በአደባባይ ያቀርባል፤ መሽከርከሩንም መቆሙንም መንገደኛው ሁሉ ያያል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ግን አጥር አለው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መስከረም 27 ቀን 2011 የመረቁትን ይህን ፓርክ ከዚያ በኋላ ወረርሽኝም፣ ጦርነትም፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚያስገባው የአጎዋ ዕድል መታገድም አገኘው። ሼዶቹ ውስጥ ስንት ማሽን እየሠራ ነው? የልብስ ሰፊዋ ደመወዝ ከአዳማ የቤት ኪራይ ጋር እንዴት ተስማማ? በምረቃው ዕለት እነዚህ ጥያቄዎች ሊመለሱ አይችሉም፤ ጊዜያቸው አልደረሰማ። በአምስተኛው ዓመት ግን መልስ ነበራቸው፤ የጎደለው መልሱን የሚጠራ ሰው ነበር።

«የምረቃን ጥቅም አሳነስከው» የሚል ይኖራል። እውነቱን ለመናገር ምረቃ በዚህ አገር ተቋራጭ የሚፈራው ብቸኛው ቀጠሮ ነው። ሦስት ዓመት የተጓተተ ቀለም በሦስት ሌሊት የሚቀባው፣ ችግኙም ከነአበባው የሚተከለው እንግዳ ሊመጣ ሲል ነው። ይህ ግን ክርክሬን ያጠነክራል፤ አንድ ቀጠሮ ይህን ያህል ካሠራ ሁለተኛው ደግሞ ያሠራዋል። «ወጪውና አበሉስ?» ለሚል፣ መልስ ድንኳን፣ ቲሸርትና ኮፍያ አያስፈልገውም። «ያን ጊዜ ሚኒስትሩ ይቀየራሉ» የሚለው ከሁሉም ጠንካራው ነው። ቢቀየሩ ግን እሰየው፤ የቀድሞው ሚኒስትር የመንገድ ክፍያውን እንደ ማንኛውም ሰው ከኪሳቸው ከፍለው አዳማ ይምጡና የመረቁትን በተራ ዜጋ ዓይን ይዩት። «ይህም ዞሮ ዞሮ ሌላ ድግስ ይሆናል» ለሚለው ስጋት አንድ ደንብ ይበቃል፤ በመልሱ ቀን መድረኩን የሚይዘው ባለሥልጣን ሳይሆን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ይሁን፤ ለእንጦጦ ከሆነ አንቴናውን የሚቆጣጠረው፣ ለአዳማ ከሆነ መርፌው ላይ የምትቀመጠው።

አዲስ አዋጅም አያስፈልግም። በየፕሮጀክቱ በር ላይ «በክቡር እገሌ ተመረቀ» የሚል እብነ በረድ አለ፤ ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «መልሱ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚሁ ቀን ይጠራል፤ ክቡር እገሌም ይገኛሉ።» ስሙ በድንጋይ እንዲቀረጽ የሚወድ ብዙ ነው። ከስሙ ሥር ቀጠሮ ሲጨመርበት ስንቱ «ድንጋዩ ይቅርብኝ» እንደሚል መቁጠር ብቻውን አንድ ዓመት ሙሉ ከሚካሄድ ግምገማ ይበልጣል።