አክተሩን የምንመክር እኛ

የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ «ሃቭ ገን ዊል ትራቭል» የተሰኘውን የካውቦይ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1963 ድረስ 225 ክፍል አሳይቶ ጨርሷል። አልቋል ያለው ግን ማን ነው? ሜሪላንድ ውስጥ ጡረታ የወጣ አበሻ ያለበት ቤት ጎራ በሉ፤ የድሮ ፊልም በሚያሳየው ቻናል የፊልሙ አክተር ፓላዲን ዛሬም ጥቁሩን ለብሶ ይጋልባል። ቡና ይቀርባል፣ የስልክ ድምፅ ይዘጋል፣ ካርቱኑን የተነጠቀ የልጅ ልጅ ጥግ ይዞ ያኮርፋል።

ሪቻርድ ቡን የሚጫወተው ይህ ፓላዲን ሳን ፍራንሲስኮ፣ ካርልተን ሆቴል ተንደላቅቆ የሚኖር ሰው ነው። ቼዝ ይጫወታል፣ ኦፔራ ይገባል፣ ግጥም ይጠቅሳል። ጋዜጣ ላይ የተቸገረ ሰው ሲያይ የቼዝ ፈረስ የታተመበትን ካርዱን ይልካል። ከዚያ ሽጉጡን ታጥቆ ወደ በረሃ! የምናየው ለጀግንነቱ ነው ብለን እንምላለን እንጂ ዓይናችን ሆቴሉ ላይ ነው። ጎረቤቴማ «ሽጉጡንስ እሱ ይተኩስ፤ ሸሚዙን የሚተኩስለት ማን ነው?» ብላ ፊልሙን ሙሉ ስታሰላስል ታመሻለች።

አክተር እንደማይሞት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ደግሞስ ቢሞት ኖሮ 225 ክፍል ከየት ይመጣ ነበር? ቢሆንም ጋሼ ከሶፋው ብድግ ብለው «ከኋላህ! ከኋላህ ነው እኮ!» ይላሉ። አክስቴ ታማትባለች፤ ወንበዴው ሲወድቅ ደግሞ «እሱም እኮ እናት አለው» ብላ ከንፈሯን ትመጣለች። «ኧረ ዝም በሉ፣ እንስማበት!» እያልኩ ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ።

የፓላዲን ትልቁ ጀግንነት ግን ሌላ ነው፦ ዋጋውን ፊት ለፊት ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ 1,000 ዶላር ነው፤ አለቀ። እኛስ? ዕቃ ያጓጓዘልንን ዘመድ «ስንት ልስጥህ?» ስንለው «ኧረ ምን በወጣኝ! እንደፈለግሽ» ይላል። እንደፈለግን ስንሰጠው ሰፈሩን ዞሮ ያማናል። እኔም ብሆን ከፋይ ስሆን ዘመድ፣ ተከፋይ ስሆን ባለሙያ ነኝ።

ፓላዲን የሁለት ከብት አርቢዎችን ጠብ ከነማስታወቂያው በግማሽ ሰዓት ይፈታል። «ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው!» ብለን እናጨበጭባለን። በነጋታው የዕድር ሊቀመንበር ልንመርጥ እንሰበሰብና፣ ስብሰባውን ማን ይምራው በሚለው ሳንስማማ ይመሻል።

ፊልሙን የራሳችን ያደረግነው እኛ ብቻ እንዳንመስላችሁ። ሮድ አይላንድ ውስጥ ቪክተር ዲኮስታ የሚባል ሰው ነበር። ጥቁር ለብሶ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ የቼዝ ፈረስ ያለበት ካርድ እያደለ በየትርኢቱ ይታይ ነበር። ፊልሙን ሲያይ «ይኼማ እኔ ነኝ! ሰረቃችሁኝ» አለና ሲቢኤስን ከሰሰ። ሽጉጥ መዝዞ አደባባይ የወጣ የለም፤ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተት ዓመታት ነጎዱ። እንግዲህ በፊልሙ ዓለም የተቆረጠ ዋጋውን ተቀብሎ በግማሽ ሰዓት የሚገላግል ባለሽጉጥ አለ፤ በእኛ ዓለም ያለው በሰዓት የሚያስከፍል ጠበቃ ነው። የትኛው እንደሚያስፈራ ክስ ጀምሮ የሚያውቅ ይንገረን።