አንበሳም ወረቀት አወጣ

አንበሳ እንኳ ተለወጠ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረን ጎበዝ? መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ ጠጁ ስኳር ሆነ፣ የቦንጋ ጎረምሳ ከቤቱ ገበያ ለመድረስ ባጃጅ ይጠራል። ይሁን፣ ቻልነው። ዱሩን ግን ማንም አይነካብንም ብለን ነበር። ዱሩም ተነካ። ዛሬ ድኩላ ፍለጋ ደን የገባ ሰው ቀድሞት የደረሰ አንበሳ ያገኛል። አንበሳውም ቢሆን ዝም ብሎ አንበሳ አይደለም፤ ጠባቂ የተመደበለት፣ ፎቶው በባሕር ማዶ ጋዜጣ የወጣ ባለማዕረግ ነው። አዳኙ ደግሞ መታወቂያውን እንኳ ያላሳደሰ ምስኪን።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዘገበው፤ ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ ነው አሉ። እኛ በደፈናው «ዱር» ስንለው የኖርነውን ሸነሸኑት፤ መሃሉ ዋና ቀጠና፣ ዙሪያው መከለያ ቀጠና፣ ከዚያ ወዲያ የልማት ቀጠና። ድኩላዋ ይህን የት ታውቃለች? ሳታስፈቅድ ካንዱ ወዳንዱ ትዘላለች። ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ! ከዚያም በፊት በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። በ2012 ዓ.ም. ስለ ጦር መሣሪያ ሌላ ዐዋጅ ተጨመረና የአባቴ ውጅግራ ሳትቀር ወረቀት ተጠየቀባት። እሷ ጥይት ከጎረሰች ስንት ዘመኗ! ዓድዋን ያየች ናት ይላሉ፤ ዝገቷም ይመሰክራል።

ከዚያ አንበሳው ታወቀ። በ2004 ዓ.ም. ናቡ የሚባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በካፋ ደን ውስጥ አንበሳ በፎቶ ተገኘ ብሎ ለዓለም አበሰረ። ዓለምም ተደነቀ፤ አንበሳን ሁሉም የሚያውቀው በሣር ሜዳ ነው፣ እንዲህ ዝናብ በማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ። እኛን ማን ጠየቀን? በእኛ ጊዜ አንበሳ መኖሩን ለማወቅ ፎቶ አያስፈልግም ነበር። ጥጃዋ ማታ ካልገባች አንበሳ አለ ማለት ነው፣ አለቀ።

ደግሞስ የድሮ አንበሳ! ሰው ያከብራል። አባቴ መንገድ ላይ ሲያገኘው «ጌታው፣ ይለፉ» ይለዋል፣ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ስለዚህ አንበሳ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ ከደጅ የሚወጣ የለም፤ ከብቱን ቤት ውስጥ ከኛው ጋር እናስገባለን፣ በሩን በግንድ እንደግፋለን፣ እሳቱን እየቆሰቆስን ተራ በተራ ስንነቃ እናድራለን። ምን ዓይነት ሰላም ነበር መሰላችሁ!

አዳኙም አዳኝ ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው እየፎከረ ሲመለስ እልልታ ይቀበለዋል፣ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ይደረግለታል፣ አንበሳ ከሆነ የገደለው ጎፈሩን ራሱ ላይ ደፍቶ ግብር ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ዛሬ ግዳይ ጥዬ ልፎክር ቢል ከእልልታው በፊት ፖሊስ ይደርስለታል። እኔም በጎልማሳነቴ አንድ ድኩላ ጥያለሁ። ጥይቷን የተኮሰው አጎቴ ነው፤ ድኩላዋን አይቼ ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያላዩት ደግሞ አይተኮስም።

አሁን ልብ በሉልኝ። ባለፈው ቡና ለቀማ ጊዜ ወደ ማንኪራ ደን ወጣሁ። ለአደን አልሄድኩም፤ ቀፎ ላይ ነበር የሄድኩት፤ ጦሩን የያዝኩት ለምርኩዝ ነው። ጅረቱ ዳር ድኩላዋ ቆማለች። ታፋዋ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ፣ የፊት እግሯን አንሥታ አላወረደችውም፣ ጆሮዋ ብቻ ይዞራል። ከዚያ ጮኸች። ድኩላ ስትደነግጥ የምትጮኸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያለ ውሻ ውሻ የጮኸ ይመስላል። እኔን አይታ መስሎኝ ኮራሁ። ዓይኗን ስከተል ግን የምታየው ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ነው።

ዛፍ ላይ የወጣሁት አካባቢውን በደንብ ለማየት ነው። ጦሩን እታች የተውኩትም ለመውጣት ስለማይመች ነው። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ስለነበር ንቦቹም ተቀበሉኝ። አንበሳዋ — እንስት ነበረች — መጣች፣ ከሥሬ ቆመች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ አዛጋች፣ ሄደች። አዛጋች እኮ ነው የምላችሁ! በእኛ ዘመን አንበሳ ሰው ዛፍ ላይ ከወጣ እታች ጋደም ብሎ እስኪነጋ ይጠብቃል፤ ሥራውን ያውቃል፣ ሰውንም ከቁም ነገር ይቆጥራል። ይቺ ግን እንደ ቅርንጫፍ ቆጠረችኝ።

ይህም ባልከፋ። ስወርድ ግንዱ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታህል አረንጓዴ ሳጥን ታስራለች፣ መሃሏ መስታወት ነው። ቤት ገብቼ ብነግረው የልጅ ልጄ «አባባ፣ እሷ እኮ ካሜራ ናት፤ የሚያልፈውን አውሬ ሁሉ ራሷ ታነሣለች» አለኝ። ሚስጥር የሚባል ነገር ከአገር ጠፋ። ከከርከሮና ከጉሬዛ መካከል አንድ ሽማግሌ እግሩን እያንፈራጠጠ ዛፍ ሲወጣ የሚያሳይ ፎቶ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

እርግጥ የዘንድሮ አንበሳ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ካፋ፣ ቢጣ ገነት አጠገብ፣ ተጠልፋ የተደበደበች የ12 ዓመት ልጅ ሦስት አንበሶች ጠላፊዎቹን አባረው ፖሊስና ዘመድ እስኪደርስ እንደጠበቋት በዓለም ሁሉ ተወርቷል። አንዳንድ ሊቅ ለቅሶዋ የአንበሳ ደቦል ድምፅ መስሏቸው ይሆናል አለ። የሆነው ይሁን፣ ልጅቷ ተረፈች፤ እሰየው። ግን ጠላፊ ማባረር የጎረቤት ሥራ ነበር። እሱንም ለአንበሳ ትተነው አረፍን።

የባሕር ማዶውስ ይሻላል? ሚኒሶታ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ከፈረንጅ ጓደኞቹ ጋር በየዓመቱ ኅዳር ሲጠባ አጋዘን ያድናል። ለአደን ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ ግዴታ ነው አለኝ! አዳኞቹ እርስ በርሳቸው እንዳይተኳኮሱ ነው፤ አጋዘኗ ቀለሙን አትለየውም። ከዚያ ዛፍ ላይ በተሠራ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ አዳኝ ይባላል? ሳቅሁበት። የሚጠብቁትን አጋዘን ደግሞ ተኩላ ቀድሞ ያባርርባቸዋል፤ በዚያ ግዛት ከ2 ሺህ በላይ ተኩላ አለ፣ እሱም በሕግ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ስብሰባ ጠርተው ያማርራሉ። «ጋሼ፣ እናንተ ዘንድስ?» ሲለኝ «እኛ አናማርርም» አልኩት፤ ከዚያ ካርዱ እስኪያልቅ ነገርኩት።

ደኑን እንዳትነኩ፤ ይህን ለልጆቹ ሁሌም እላቸዋለሁ። ዛፉ ከሄደ ማሩም ቡናውም ይሄዳል። አውሬው በዝቷል፣ መፈናፈኛ አሳጣን። ደግሞ አውሬ የሚባል ነገር አልቋል፣ እንደ ድሮው የት ይገኛል?

አሁን ልመናዬን ስሙኝ። ያቺን ሳጥን ማንኪራ ላይ ያሰራችሁ ሰዎች፣ ማንም ሁኑ ማን፣ ፎቶዬን አጥፉልኝ። ማጥፋት ካልተቻለ፣ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ ከጅቡ ሥር አታድርጉኝ። አንድ ቅጂም ለልጅ ልጄ ላኩልኝ። እኔ ስልክ የሚባል ነገር ስለማልወድ በቴሌግራም ይሁን።